ያልገባው ልጅ ምን ይደረጋል? ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከወላጅ ወደ ወላጅ ሲዞር ቆይቶ እኔ ጋም ደረሰ። ሦስት ሰዎች ናቸው የላኩልኝ። ሦስቱም ትንንሽ ልጆች አሏቸው፤ ሦስቱም ለምዝገባ ላይ ታች እያሉ ነው። ጽሑፉ ለልጅ የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚመረጥ በስምንት ነጥብ ይመክራል። ባጭሩ ይኸው ነው፦ ክፍያው ከፍ ያለውን ምረጡ፣ የፈተና ውጤት አወዳድሩ፣ ከመጀመሪያው ቀን በውጭ ቋንቋ ብቻ የሚያስተምረውን ፈልጉ፣ ልጁን በጊዜ አስገቡት፣ የቤት ሥራ የሚያበዛውን እመኑት፣ ሕንፃውንና ቴክኖሎጂውን እዩ፣ ጥብቅ ሥነ ሥርዓት ያለው ይሁን፣ ጥሩ ካገኛችሁ ደግሞ ርቀቱ አያሳስባችሁ።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ወላጅ ሲጨነቅ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል፤ ስምንት ነጥብ ቆጥሮ የሚሰጠው ሰው ሲያገኝ እፎይ ይላል። ግን ጽሑፉን ሁለቴ አንብቤ ሁለቴም አንድ ነገር ከነከነኝ። ክፍያ አለ፣ ሕንፃ አለ፣ ውጤት አለ። ትምህርቱ ያልገባው ልጅ ግን አንድም ቦታ የለም።

እኔ ለዘጠኝ ዓመት 1ኛና 2ኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። የሁለት ልጆች ወላጅም ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ትምህርት ቤት የመረጥኩት ይህ ጽሑፍ በሚመክረው መንገድ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጦሱ የተረፈው ለእሷ ነው። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ትምህርት ቤት ሄጄ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ እዚህ ያልገባው ልጅ ምን ይደረጋል? ይህ የደካማ ልጅ ወላጅ ጥያቄ አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቀን ያልገባው ልጅ ይሆናል። ጎበዝ የተባለውም ቢሆን መቀነስ ላይ ወይ ማካፈል ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ይጠፋበታል። ያኔ ማን ነው ልብ የሚለው?

እንግዲህ ነጥብ በነጥብ ልሂድ።

የመጀመሪያው ክፍያ ነው። ጸሐፊው የሚሉት፣ ብዙ የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ጥሩ መምህር ቀጥሮ ማቆየት ይችላል ነው። ሐሳቡ ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ይችላል። ያደርገዋል ወይ ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮበርት ፒያንታና አሪያ አንሳሪ ያወጡት አንድ ጥናት አለ። የተጠቀሙበት መረጃ በአሜሪካ ከ1,000 በላይ ልጆችን ከተወለዱ ጀምሮ እስከ 15 ዓመታቸው የተከታተለ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ የግል ትምህርት ቤት የተማሩት በውጤት ይበልጣሉ። የቤተሰብ ገቢ ስሌቱ ውስጥ ሲገባ ግን ብልጫው ይጠፋል። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ነው ትምህርት ቤቱ የራሴ ነው የሚለው። የአንድ አገር ጥናት ነው፤ ሁሉም ቦታ እንዲሁ ነው አልልም። ክፍያ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ግን በደንብ ያሳያል።

ስለዚህ «ስንት ነው?» ብላችሁ ስትጨርሱ «የት ነው የሚሄደው?» ብላችሁ ጠይቁ። በቀጥታ አይነግሯችሁም፤ በሌላ በር ግቡ። ባለፈው ዓመት 1ኛ ክፍል ያስተማሩት መምህራን ዘንድሮም አሉ? ስንቶቹ ለቀቁ? የኔ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት መምህር ተቀያይሮባታል። ሦስተኛዋ የልጆቹን ስም አጥንታ ሳትጨርስ ዓመቱ አለቀ። ክፍያው በዚያው ዓመት ጨምሯል። መምህር የሚያቆየው ትምህርት ቤት መካከለኛ ክፍያም ይኑረው ውድም ይሁን፣ ያልገባውን ልጅ የሚያውቅ ሰው አለው ማለት ነው። መምህር የማያቆየው ግን ሁልጊዜ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ከክፍያው ቀጥሎ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለ ጠይቁ። ጸሐፊው ይህን አለማንሣታቸው በጣም ገርሞኛል። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ከ1985 ጀምሮ ለአራት ዓመት የተካሄደ ስታር የሚባል ትልቅ ሙከራ አለ። 79 ትምህርት ቤቶች ተሳትፈውበታል። ልጆቹን በዕጣ ነበር የመደቧቸው፦ ከ13 እስከ 17 ልጅ ባለው ትንሽ ክፍል፣ ከ22 እስከ 25 ልጅ ባለው መደበኛ ክፍል፣ እና ረዳት በተጨመረለት መደበኛ ክፍል። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል። በትንሹ ክፍል የተማሩት በንባብም በሒሳብም በለጡ። ልብ በሉ፣ ረዳት የተጨመረለት ክፍል ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። «በክፍሉ ውስጥ 40 ልጅ ቢኖርም ረዳት መምህርት አለች» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ። ረዳቷ ብዙ ጊዜ ደብተር ሰብሳቢና ሽንት ቤት አድራሽ ናት። ያልገባው ልጅ አጠገብ ቁጭ የምትለው ዋናዋ መምህርት ናት፤ እሷ ደግሞ 40 ልጅ ይዛ ማንም አጠገብ አትቀመጥም። እኔም 40 ልጅ በያዝኩበት ዓመት አልተቀመጥኩም። ዛሬም ይጸጽተኛል።

ወደ ፈተና ውጤት ልለፍ። ጽሑፉ የትምህርት ቤቶችን አማካይ ውጤት አወዳድሩ ይላል። አማካይ ውጤት ሁለት ነገር ይደብቃል። አንዱ መግቢያው ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ፈትኖ የሚቀበል ትምህርት ቤት ጎበዝ ልጆችን መረጠ እንጂ ጎበዝ አደረጋቸው አይባልም። ሌላው መውጫው ነው። ወደ ኋላ የቀረው ልጅ ወላጅ አንድ ቀን ቢሮ ይጠራል፤ ወንበር ይሰጠዋል፤ በጣም በትህትና «ለልጅዎ የሚስማማ ሌላ ቦታ ቢፈልጉለት» ይባላል። ልጁ ይወጣል፣ አማካዩ ከፍ ይላል፣ በዓመቱ መጨረሻ ውጤቱ በትልቁ ይለጠፋል። እንዲህ ያለ ወላጅ እቤቴ መጥቶ አልቅሷል። ስለዚህ አማካይ ሲያሳዩዋችሁ ይህን ጠይቁ፦ 1ኛ ክፍል ከገቡት ልጆች ስንቶቹ እስከ መጨረሻው ክፍል እዚሁ ቆዩ? የወጡትስ ለምን ወጡ?

ከውጤት ይልቅ ደብተር አሳዩኝ በሉ። ይህን ምክሬን ከሁሉም በላይ ያዙልኝ። አንድ ትምህርት ቤት የ2ኛ ክፍል ደብተር እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። አመጡልኝ፤ በላስቲክ የተሸፈነ፣ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር፣ ሁሉም ቦታ ራይት። «አመሰግናለሁ፣ አሁን ደግሞ ሒሳብ የሚከብደው ልጅ ደብተር» አልኩ። ትንሽ ተያዩ። አመጡት። ከአሥር ጥያቄ ሰባቱ በቀይ ኤክስ የተደረገበት ገጽ አገኘሁ። ገለጥኩ። የሚቀጥለው ገጽ አዲስ ርዕስ ነው። ወደ ሰባቱ ኤክስ የተመለሰ ሰው የለም፤ ልጁም፣ መምህሩም። ቀይ እስክሪብቶው አልፏቸው ሄዷል።

ሌላ ትምህርት ቤት ደግሞ እንዲሁ የሚከብደው ልጅ ደብተር አየሁ። ያጠፋው ጥያቄ ሥር በእርሳስ «አሥሩን መበደር ረስተሃል፤ ነገ ጠዋት በቡሽ እንሠራዋለን» የሚል አለ። ቡሽ ማለት የጠርሙስ ቆርኪ፣ መቁጠሪያ መሆኑ ነው። ከሥሩ ልጁ ደግሞ ሠርቶታል። ላጲስ የበላው ቦታ ወረቀቱ ሳስቷል፤ አንዷ ጋ ተቀዷል። መልሱ ግን ትክክል ነው። ያ የተቀደደ ወረቀት ለእኔ ከማንኛውም የተለጠፈ ውጤት ይበልጣል። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ጥናት አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች ፍላጎታቸውም ሥራቸውም ሲሻሻል፣ ማርክ ብቻ የተሰጣቸው አልተሻሻሉም። ማርክና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸውም እንደዚያው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጅ ማርኩን ካየ በኋላ ከሥሩ ያለውን አያነብም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ የሰባት ዓመት ልጆችን መደርደር ደግሞ ለአንደኛው ደስታ ነው፤ 31ኛ ለወጣው ልጅ ግን ምን እንዳልገባው አንዲት ቃል አይነግረውም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ በጽሑፉ ውስጥ በጣም የሚጎዳው ምክር እሱ ስለሆነ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውጭ ቋንቋ ብቻ የሚያስተምር፣ ልጆች በግቢው ውስጥ የቤታቸውን ቋንቋ እንዳይናገሩ የሚከለክል ትምህርት ቤት ምረጡ ይላሉ። እቤትም በዚያው ቋንቋ አናግሯቸው ይላሉ። ልጅ ቋንቋ ቶሎ ስለሚይዝ ችግር የለውም ነው ማስረጃው።

ልጄ 2ኛ ክፍል ሆና አንድ ማታ ማንበቢያ መጽሐፏን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ ገጽ ሙሉ ጥርት አድርጋ አነበበችልኝ። አንድ ፊደል አልሳተችም። ታሪኩ ዝናብ ላይ መንገድ ስለጠፋበት ውሻ ነው። ደስ ብሎኝ በቋንቋችን «ውሻው ታዲያ ቤቱን አገኘ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ውሻ አለ እንዴ?» አለች። ሥዕሉ በሌላኛው ገጽ ላይ ነበርና አላየችውም። «ሚስ እኮ አንብቡ ብቻ ነው ያለችን» ብላ ደግሞ ተከላከለች። ሪፖርት ካርዷ ላይ ንባብ 94 ነው። እኔ የማስተምር ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እቤቴ ውስጥ ይህ ሲሆን አላወቅሁም።

ይህ የልጄ ብቻ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ፊሊፕ ጎፍና ዊሊያም ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ንባብን በቀላል ሒሳብ አስቀምጠውታል። ፊደሉን አውቆ ቃሉን ማንበብ ሲባዛ በቋንቋው መረዳት። መደመር አላሉም፤ ማባዛት ነው ያሉት። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ መልሱ ዜሮ ነው። ልጄ አንዱ 94 ነበር፣ ሌላው ዜሮ።

ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይይዛል የሚለውን በተመለከተ ደግሞ፣ የትኛውን ቋንቋ ነው? በካናዳ የስደተኛ ልጆችን ያጠናው ጂም ከሚንስ ሁለቱን ለይቶ አሳይቷል። የጨዋታ ቋንቋ አለ፤ «ኳሷን ስጠኝ፣ ተራዬ ነው» የሚባልበት። እሱን ልጆች በሁለት ዓመት ገደማ ይይዙታል። የትምህርት ቋንቋ ደግሞ አለ፤ «ከሁለቱ ቁጥሮች የሚያንሰው በስንት ያንሳል» የሚባልበት። በዚያ ከዕድሜ እኩዮች ጋር ለመድረስ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። እነዚያ ልጆች እንግዲህ ከክፍል ውጭ ቋንቋው በየመንገዱ የሚነገርበት አገር ያሉ ናቸው። ልጁ ቋንቋውን የሚሰማው ከመምህሩ ብቻ ከሆነ፣ መምህሩም ቋንቋው ላይ ብዙ የማይተማመን ከሆነ፣ ስንት ዓመት ሊወስድ እንደሚችል ራሳችሁ አስቡት። በእነዚያ ዓመታት ሒሳቡም፣ ሳይንሱም ያልገባው ልጅ «ሒሳብ ስለማልችል ነው» ብሎ ያምናል። ችግሩ ግን ጥያቄው የተጠየቀበት ቋንቋ ነው። ዩኔስኮ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የተሻለ እንደሚሆን በሰነድ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። አዲስ ነገር አልነገርኳችሁም።

ስለ መከልከሉ ደግሞ ይህን ልበል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያዋ ዌልስ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የቤቱን ቋንቋ ዌልሽን ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ያንጠለጥሉበት ነበር። ልጁ እንጨቱ እንዲወርድለት ዌልሽ የሚናገር ሌላ ልጅ ይጠብቃል፤ የትምህርት ሰዓት ሲያበቃ እንጨቱ ያለበት ይገረፋል። ዛሬ የቤት ቋንቋ በሚከለክሉ ትምህርት ቤቶች በእንጨቱ ፋንታ ቅጣቱ ምልክት ወይም ስም ጽፎ መስጠት ሆኗል። ልጆችን የሚያስተምራቸው ግን ያው ነው፤ የእናታቸው ቋንቋ የሚያሳፍር መሆኑንና ጓደኛን ማሳጣት እንደሚያዋጣ።

የውጭ ቋንቋ አያስፈልግም አላልኩም። በጣም ያስፈልጋል። በጥሩ መምህር፣ በጨዋታ፣ በመዝሙር፣ ራሱን እንደቻለ ትምህርት ከትንሽነቱ ይጀምር፤ ቀስ በቀስ ይስፋ። ወላጅ ግን እቤት ውስጥ ተረት የሚያወራው፣ የሚቆጣው፣ የሚያባብለው፣ «ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» ሲባል የሚመልሰው በሚያውቀው ቋንቋ ይሁን። ሦስት መቶ ቃል ብቻ በምታውቁበት ቋንቋ ልጃችሁን ካናገራችሁት ልጁ ከእናንተ የሚያገኘው ያንን ሦስት መቶ ቃል ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ስትጎበኙ ዳይሬክተሩን አትጠይቁ፤ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ አንድ ልጅ ያልገባውን ነገር በቤቱ ቋንቋ ሲጠይቅ መምህሯ ምን እንደምታደርግ እዩ። ፊቷን ካጠቆረች ያ ልጅ ከዚያ በኋላ አይጠይቅም።

ልጁን በጊዜ አስገቡት፣ በአራት ዓመቱ ማንበብ ይጀምር የሚለው ነጥብም አያሳምነኝም። ሴባስቲያን ሳጌት የተባለው ተመራማሪ በኒውዚላንድ በአምስት ዓመታቸውና በሰባት ዓመታቸው የንባብ ትምህርት የጀመሩ ልጆችን አወዳድሮ ነበር። 11 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በንባብ ችሎታ ልዩነት አልተገኘባቸውም። ፊንላንድ ልጆቿን 1ኛ ክፍል የምታስገባው በሰባት ዓመታቸው ነው። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ ወደ 940,000 የሚጠጉ ልጆችን መረጃ መርምሮ፣ ከክፍሉ በዕድሜ ትንንሾቹ የሆኑት፣ በፈረንጆቹ ዓመት የመጨረሻ ወር በዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች፣ በጃንዋሪ ከተወለዱት ይልቅ ኤዲኤችዲ የተባለው የትኩረት ማጣት ችግር አለባቸው የመባል ዕድላቸው በ30 በመቶ፣ ሴቶቹ ደግሞ በ70 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘው። ልጆቹ ምንም አልሆኑም ይሆናል፤ ብቻ ከጎናቸው ካለው ልጅ በ11 ወር ያንሳሉ። ለስድስት ዓመት ልጅ 11 ወር ረጅም ዕድሜ ነው። ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ፤ እርሳስ አያያዙ ገና ያልጸናውን ልጅ «ሰነፍ» ሲሉት። ልጃችሁ ደርሶ ከሆነ አስገቡት፤ ጎረቤት ስላስገባ ብቻ ግን አትቸኩሉ።

አምስተኛው የቤት ሥራ ነው። የሚያበዛው ቁም ነገረኛ ነው ይላሉ ጸሐፊው። በዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሃሪስ ኩፐር ከ1987 እስከ 2003 የተሠሩ የአሜሪካ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ሥራ የቤት ሥራና ውጤት ጠንከር ብለው የሚያያዙት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ በትንንሾቹ ክፍሎች ግንኙነቱ በጣም የላላ ነው። እዚያው አገር የሚሠራበት ልክ በክፍል ደረጃው አሥር ደቂቃ ነው፤ ለ1ኛ ክፍል 10፣ ለ3ኛ ክፍል 30 ደቂቃ በቀን። እኛ እቤት ስንት ነው? በአንድ ማታ አራት ትምህርት፣ ሁለት ገጽ ቅጂ፣ ከዚያ ደግሞ ወላጅ የሚሠራው ፕሮጀክት። ካርቶን ቆርጦ ፕላኔት ሲለጥፍ ያመሸ አባት ይህን ሲያነብ ያውቀዋል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያልገባው ልጅ የቤት ሥራውን ብቻውን አይሠራም። ወይ ወላጁ ይሠራለታል፣ ወይ አስጠኚ ይሠራለታል፣ ወይ ጠዋት ከጓደኛው ይገለብጣል። መምህሩ ጋ ሲደርስ ሁሉም ራይት ነው። መምህሩ ልጁ እንዳልገባው የሚያውቅበት የመጨረሻው መንገድ በዚሁ ተዘጋ። ስለዚህ «ስንት የቤት ሥራ ትሰጣላችሁ?» አትበሉ። «ልጁ የቤት ሥራውን መሥራት ካቃተው ባዶውን ቢያመጣ ምን ትሉታላችሁ?» በሉ። አንዲት መምህርት «ባዶውን ቢያመጣ ደስ ይለኛል፣ የት ጋ እንደቆመ አውቃለሁ» ስትል ሰምቼ ልቤ ሞላ።

ሕንፃና ቴክኖሎጂ ላይ አንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፦ ሽንት ቤቱን፣ ውኃውን፣ የደረጃውን መደገፊያና የበሩን ጥበቃ በዓይናችሁ እዩ። የትምህርት ሰዓት ላይ እንጂ በጉብኝት ቀን አትሂዱ። ስማርት ቦርዱን እለፉት። ይልቅ የመጻሕፍት መደርደሪያው ጋ ቁሙ። መጽሐፎቹ ጠርዛቸው ተልጦ፣ ገጾቻቸው በእጅ ብዛት ወዝተው ካያችሁ ልጆች ያነቧቸዋል ማለት ነው። አዲስ ሆነው በመስታወት ቁም ሳጥን ከተቆለፈባቸው ለእናንተ ነው የተቀመጡት።

ጥብቅ ሥነ ሥርዓት የሚለውን ጸሐፊው ሲያብራሩ ኮሪደሩ ጸጥ ያለ፣ ልጆቹ የሚፈሩ፣ ጥፋት ሲያጠፉ እረፍት የሚከለከሉበት ትምህርት ቤት ይሻላል ብለዋል። ሥርዓት እኔም እወዳለሁ፤ ሥርዓት የሌለበት ክፍል መጀመሪያ የሚጎዳው ዝምተኛውን ልጅ ነው። መፍራት ግን ሌላ ነገር ነው። የሚፈራ ልጅ «አልገባኝም» አይልም። ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል 40 ድምፅ «አዎ!» ይላል፤ ያ ጸጥታም ያ «አዎ»ም አንድ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ክብር የጠበቀ መሆን አለበት ይላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ በ2013 ባወጣው መግለጫ እረፍት ለቅጣትም ሆነ ለተጨማሪ ትምህርት ተብሎ መቀማት እንደሌለበት ተናግሯል። ቁጭ ብሎ መቆየት ያቃተውን ልጅ መሮጫውን ከልክሎ ቁጭ በል ማለት ምን ዓይነት መፍትሔ ነው?

የመጨረሻው ርቀት ነው። አያሳስባችሁ ተብሏል። ያሳስባችሁ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 አስታውቋል። ሰርቪሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚመጣ ከሆነ ልጁ 11 ሰዓት ይነሣል። ቤት 11 ሰዓት ተኩል ገብቶ፣ በልቶ፣ የዚያን ሁሉ ቤት ሥራ ሠርቶ ማታ 3 ሰዓት ቢተኛ ስምንት ሰዓት ነው የተኛው። ዝቅተኛውን እንኳ አላገኘም። የተኛበትን ልጅ ጫማ ሰርቪስ ውስጥ ያሰረለት ወላጅ አውቃለሁ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ያስደገፈ ልጅ ያልገባው ልጅ ተብሎ ይቆጠራል፤ እንቅልፍ ነው እንጂ።

ሁለተኛ ልጄን ለማስመዝገብ አራት ትምህርት ቤት ዞርኩ። አራቱም ጋ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ። አንደኛው «እኛ ጋ ያልገባው ልጅ የለም» አለኝ። ሁለተኛው ቅዳሜ ቱቶሪያል እንዳለ ነገረኝ፤ በክፍያ። ሦስተኛው ልጁ ክፍል ይደግማል አለኝ። አራተኛው ከቤታችን በእግር የሚደረስበት፣ ቀለሙ የለቀቀ ግቢ ነው። ዳይሬክተሯ ጥያቄዬን ሰምታ ራሷ አልመለሰችም። «ቆይ፣ እሷ ትንገርዎት» ብላ የ1ኛ ክፍሏን መምህርት አስጠራች።

መምህርቷ እጇ ላይ ጠመኔ እንዳለ መጣች። ከኪሷ ትንሽ ማስታወሻ አወጣች። የሳምንቱ ስሞች ናቸው፤ አምስት ልጆች። ከአንዱ ስም ጎን «በ እና ሰ ያምታታል»፣ ከሌላዋ ጎን «ከ10 በላይ ስትቆጥር 13ን ትዘላለች»፣ ከእያንዳንዱ ትይዩ ደግሞ ከእረፍት በፊት አብራው የምትቀመጥበት ቀን። አምስተኛው ስም አጠገብ ባዶ ነው። ጣቴን እዚያ ላይ አሳረፍኩ።

«እሱን ገና አልደረስኩበትም» አለችኝ። «ሲቆጥር ያውቃል፣ ሲጽፍ ይጠፋበታል። እያየሁት ነው።»